ምላሴን ይዤ ወደ ጅዳ

ሰው ሲሰደድ በሌሊት ነው የሚወጣው ይባላል። እኔ ከመተማ ዮሐንስ የወጣሁት በቀትር ነው፣ ውሻ እንኳ ከጥላ በማይወጣበት ሰዓት። ያን ሰሞን የጎንደር መንገድ የሚከፈተው በእጀባ ብቻ ነበር። እጀባው የሚነሳው የሰሊጥ መኪኖቹ ተጭነው ሲያልቁ ነው፣ መኪኖቹ ደግሞ ቀትር ላይ አለቁ። አንድ ጥቅም ነበረው፤ በዚያ ሙቀት ላብና እንባ አንድ ላይ ስለሚወርድ ማን እንዳለቀሰ አይታወቅም።

የመተማ ሰው ተሰደደ ሲባል ሁሉም ወደ ድልድዩ ነው የሚያየው። ተሻግሮ ገላባት፣ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ እግዜር ያውቃል። እኔም ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ እዚያ ቁጭ ብዬ የሚሻገረውን ሰው «በል በሰላም ግባ» ስል ኖሬያለሁ። የራሴ ቀን ሲደርስ ግን ጀርባዬን ለድንበሩ ሰጥቼ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅዳ። የድንበር ሰው ሆኜ ድንበሩን ሳልረግጥ ተሰደድኩ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረው፣ ሆዴን አስቀድሜ።

ባለቤቴ ደብሬ መኪናው ድረስ ሸኘችኝ። ሩቅ አይደለም፣ ሥራዋም እዚያው ነው። ኬላው አጠገብ፣ ሾፌሮች ወረቀታቸው እስኪያልቅ በሚቆሙበት፣ ሸራ ወጥራ ቡና ትሸጣለች። የደብሬን ቡና ለማታውቁት ልንገራችሁ። ፍሬው ከሰል እስኪመስል ይቆላል። ከደረቅ ዝንጅብል ጋር ይወቀጣል። ስኒው እስከ ወገቡ ስኳር ይደረግበትና ቡናው የቀረችውን ቦታ ይይዛል። አንድ ሾፌር ሁለት ስኒ ጠጥቶ ጎንደር ደርሶ ተመለሰና «እትዬ ደብሬ፣ ኧረ እንቅልፌን መልሽልኝ» ያላትን እኔው ራሴ ሰምቻለሁ።

መኪናው ሊነሳ ሲል ውሃ የነበረበት የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ አፉ የተቆላ ቡና ሞልታ ያዝ አለችኝ።

«እዚያ ቡና አይኖርም» አለች።

«ደብሬ፣ የምሄደው እኮ ቡና መጋዘን ነው!»

«እሱማ የሰው ቡና ነዋ።»

ምን ትላታላችሁ? ተቀበልኩ።

ቡና መጋዘን እንዴት ተገኘ ካላችሁ፣ እኔ ሰሊጥ ቀማሽ ነኝ። ጆንያውን ውስጡ ክፍት በሆነ ሹል ብረት ወግቼ ጥቂት ፍሬ አወጣና በፊት ጥርሴ አደቀዋለሁ። ያምናው ከዘንድሮው ተቀላቅሎ እንደሆነ፣ ዝናብ አግኝቶት እንደሆነ፣ የሽንፋ መሬት ይሁን የገለጉ፣ እነግራችኋለሁ። ብዙ ዓመት የገዛሁላቸው ሐጂ የምንላቸው የገዳሪፍ ነጋዴ ነበሩ። እዚያ ማዶ ጦርነቱ ሲመጣ ሐጂ ልጆቻቸው ጋ ጅዳ ገቡ። መተማም ገዢ ጠፋ። ቀማሽ ያለ ገዢ ምንድን ነው? አፉን ይዞ የቀረ ሰው። ሐጂ አዘኑልኝና ጅዳ ላይ ቡና ቆልቶ ለሚያከፋፍል ወዳጃቸው «አንድ ሐበሻ አለኝ፣ ምላሱ ላብራቶሪ ነው» ብለው አወሩለት። ስለ ሰሊጥ መሆኑን አልጨመሩም። ሰውዬው ሐበሻና ምላስ የሚል ነገር ሲሰማ ቡና ነው ብሎ ደመደመና ቪዛ ላከ። እኔም ተሳስተሃል አላልኩትም። ሥራ ፈት ሰው ሰው አያርምም።

ጅዳ ስደርስ ፓስፖርት የሚያየው ጎረምሳ ፊት ቆምኩ። አረብኛማ አለኝ፣ የገላባት ገበያ ያስተማረኝ። ኮራ ብዬ «ያ ዙል፣ እንዴት ዋልክ» አልኩት። ‹ያ ዙል› ሱዳኖች ‹አንተ ሰው› የሚሉበት ነው።

«ሱዳናዊ ነህ?» አለኝ።

«አይደለሁም፣ ኢትዮጵያዊ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው እንደ ሱዳን የምታወራው?»

«ጎረቤቶቻችን ናቸው።»

«የመንም ጎረቤቴ ነው፣ እኔ እንደ የመን አላወራም» አለና ቪዛዬን ገለጠ። «ሙያ፦ ጫኝና አውራጅ» ብሎ አነበበ። ቀና ብሎ ፊቴን አየ፣ ዝቅ ብሎ ሆዴን አየ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከነገ ጀምሮ።»

ጥርሱን ሳያሳይ ማህተሙን መታው።

ቡና ቀማሽ የሚል ቪዛ ስላልተገኘ በተገኘው ነው የመጣሁት። እዚህ አገር ደግሞ ሰው ማለት ኢቃማው ነው፣ መኖሪያ ወረቀቱ። ኢቃማው ላይ ጫኝና አውራጅ የተባለ ሚስቱን አያስመጣም አሉኝ፤ ባለሙያ የተባለ ያስመጣል። ጫኝ ሚስት አትናፍቀውም ብለው ይሆናል። እንግዲህ የኔ ነገር ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ብቻ ሆነ፦ ሙያዬ ቀማሽ ተብሎ ይጻፍና ደብሬን ላምጣት።

የተከራየሁት ክፍል ጉድ ነው። መተማ ያን ያህል ሙቀት እያለ ግቢ አልጋ አውጥተን ሰማይ እያየን ነው የምንተኛው። ጅዳ ውጭው ላብ በላብ፣ ውስጡ በረዶ። ማቀዝቀዣው ራሴ ላይ ይነፋል። ባጠፋሁት ቁጥር የሕንፃው ኃላፊ፣ አንድ ሽማግሌ የመናዊ፣ ይመጣሉ።

«አታጥፋው፣ ግድግዳው ይሻግታል።»

«እኔስ ብሻግት?»

«አንተ ትወጣለህ፣ ግድግዳው እዚሁ ነው የሚኖረው።»

ማቀዝቀዣውን መልሼ አበራሁት። የቆላ ሰው በጅዳ ሐሩር ጋቢ ተከናንቦ ይተኛል፤ ይኸው ነው ስደት።

አሁን ወደ ቡናው። ቪዛውን የላከልኝ የመጋዘኑ ባለቤት አቡ ሙሐነድ ይባላል፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ችኩል ነው። ዋና ቀማሿ ግሬስ የምትባል ፊሊፒናዊት ናት፣ በዕድሜ ታናሽ እህቴን ታክላለች። እሷ የፊሊፒን አረብኛ፣ እሱ የጅዳ አረብኛ፣ እኔ የገላባት አረብኛ ይዘን አንድ ጠረጴዛ ከበብን። አምስት ጎድጓዳ ስኒ ተደርድሯል። ስኳር የለም። ቡናው አልፈላም፣ ዱቄቱ ላይ ሙቅ ውሃ ፈሶበት እንደ ጎርፍ ቆሻሻ ተንሳፍፏል። ይቺ ሴት ቡና ማፍላት አታውቅም ብዬ አዘንኩላት።

ግሬስ በማንኪያ ቀድታ ስባ ስትጠጣ ድምጿ ጎማ የሚተነፍስ ነው የሚመስለው። ደብሬ ብትሰማ በእግሯ ትጎሽመኝ ነበር፣ እኔ ያደረግኩት መስሏት። ፉት ያለችውን ደግሞ ጣሳ ላይ እንትፍ! ቡና፣ እንትፍ! እኛ ሠፈር ቡና ተጠርቶ የተፋ ሰው ዳግመኛ አይጠራም። እኔ እንዳላሳፍራት ብዬ አምስቱንም ስኒ አንድ በአንድ አንስቼ ከነአተላቸው ጨለጥኳቸው። ጨርሼም «እጅሽ ይባረክ» አልኳት።

ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ምን ይላል?» አለ አቡ ሙሐነድ እንደ ምንም ብሎ።

«ቡና ቡና ይላል።»

«የመጀመሪያው?»

«ቡና ቡና።»

«ሦስተኛውስ?»

«እሱም… ቡና። ግን ስኳር ይፈልጋል።»

አቡ ሙሐነድ ወደ ግሬስ ዞረ። «ሐጂ ምላሱ ላብራቶሪ ነው ብለውኝ ነበር።»

«ላብራቶሪው ዛሬ ዝግ ይሆናላ» አለች።

በማግሥቱ ጆንያ ተሸከምኩ። ቪዛው ጫኝ ይላል፣ ጫንኩ። ወገቤ እስከ ዛሬ ያን ቀን ያስታውሰዋል። አቡ ሙሐነድ ግን ሐጂን አክብሮ አንድ ዕድል ሰጠኝ። ከጭነት በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ግሬስ ታስተምረኝ፤ ረመዳን ሳይገባ ልፈተን፤ ካለፍኩ ሙያዬን ያስቀይርልኛል። ከወደቅኩ ጆንያው የትም አይሄድም።

ትምህርቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ! አንድ ክብ ወረቀት አለ፣ እንደ መኪና መሪ፣ በቀለም የተከፋፈለ። ቡና ውስጥ የሚገኝ ጣዕም ሁሉ እሱ ላይ ተጽፏል። ብሉቤሪ፣ ራስፕቤሪ፣ ጃስሚን። በሕይወቴ አፌም አፍንጫዬም አጠገብ ያልደረሰ ነገር።

«ይሄ ብሉቤሪ ይላል» ትላለች ግሬስ።

«ብሉቤሪ ምን ይላል?»

«ብሉቤሪ አታውቅም? ይሄ ቡና እኮ ከአገርህ ነው የመጣው!»

«ቡናው ከደቡብ ነው የመጣው፣ እኔ ከመተማ። እኔና እሱ የተዋወቅነው እዚህ ነው።»

አላመነችኝም። ማንም አያምነኝም። ሐበሻ ሁሉ ቡና ዛፍ ሥር የተወለደ ይመስላቸዋል። እኛ ጋ የሚበቅለው ሰሊጥና ማሽላ ነው፣ ቡናውን እንደ ሳሙና ከሱቅ ነው የምንገዛው ብል ቀልድ ይመስላታል። ቀልደኛ መሆን እዚህ ላይ ጎዳኝ፤ እውነት ስናገርም ይስቃሉ።

ሦስት ስኒ ታስቀምጣለች፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። ለይ። አልለይም። ደግማ ታስቀምጣለች። አልለይም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በእኔ ዕድሜ ፊደል አልገባ እንዳለው ልጅ ጆሮዬ ሲቀላ ይሰማኛል። ማታ ማታ ልቤ ድም ድም ይላል፣ የምቀምሰውን ሁሉ ስለምውጠው። «ትፋው!» ትለኛለች። እንዴት ልትፋው? የሰው እጅ ነው!

አንድ ቀን ጆንያ ሳወርድ አንዱ ተቀደደና ጥሬ ቡና ፈሰሰ። እጄ በልማዱ ጥቂት አንስቶ አፌ ውስጥ ከተተ። በፊት ጥርሴ አደቀቅኩት፣ በአፌ ውስጥ አዞርኩት፣ እንትፍ አልኩት። «ይሄ እርጥበት ነክቶታል» አልኩ ለራሴ። ወዲያው ቆም አልኩ። እንትፍ አልኩ እኮ! ዕድሜዬን ሙሉ ሰሊጥ ስተፋ ኖሬ የለ እንዴ? አንድም ቀን የባለሰሊጡ እጅ ይከበር ብዬ ውጬ አላውቅም። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ቡናውን በእንግድነት ስጠጣው ነው የከረምኩት። እንግዳ ያመሰግናል። ደላላ ግን ይጠረጥራል፣ ያኮርፋል፣ የተደበቀውን ይፈልጋል። ቡና ማጣጣም የእንግዳ ሥራ አይደለም፣ የደላላ ነው።

ከሰዓት ግሬስ ፊት ስቀመጥ ፊቴን እንደ ገበያ ቀን ቋጠርኩት። ስኒውን ‹ምን ደብቀህብኛል?› ብዬ አየሁት። እንደ ጎማ ሳብኩ፣ ተፋሁ። «ይሄኛው ከሁለቱ አይደለም፣ ይጎመዝዛል።» ልክ! «ምን ዓይነት ጉምዘዛ?» አለች እየተቁነጠነጠች።

ወረቀቱን ተውኩት። «እንኮይ» አልኳት።

«እንኮይ ምንድን ነው?»

«ሽንፋ ወንዝ ዳር የሚገኝ የዱር ፍሬ ነው፣ ጥርስ ያደነዝዛል።»

ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ወዲያ በሩ ተከፈተ። አንዱ ቡና ከርከዴ ሆነ፣ ያ ቀዩ የሱዳን ሻይ። አንዱ የደረቀ የቁርቁራ ፍሬ። አንዱ ደግሞ፣ አትሳቁ፣ እሸት ላይ እንዳለ የማሽላ ጥንቅሽ፣ ልጣጩን በጥርስ ገፍፈህ መጀመሪያ የምትመጣው ጣፋጭ ውሃ። እሱን የቀመስኩ ቀን ማንኪያውን ይዤ ቆየሁ። መጋዘኑ ውስጥ ቆሜ እግሬ የገለጉን መሬት የረገጠ መሰለኝ። «ምን ይላል?» ብትለኝ በመመለስ ፈንታ ደግሜ ቀዳሁ። እኔን ዝም ማሰኘት ቀላል አይደለም፣ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ።

ምስጋናዬን በምን ልግለጽ ብዬ የደብሬን ጠርሙስ ለግሬስ አመጣሁላት። ከማከብረው ሰው ውጭ የማልሰጠው ነገር። በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ከፍታ አሸተተች፣ ዓይኗ ፈጠጠ።

«በጣም… ኃይለኛ ነው» አለች።

ደስ አለኝ። ምስጋና መስሎኝ።

የፈተናው ቀን አቡ ሙሐነድ ክንዱን አጣጥፎ ቆመ። ሦስት ሦስት ስኒ፣ ስድስት ረድፍ። አምስቱን ለየሁ፣ ስድስተኛው አመለጠኝ፣ «ያልፋል» አለ። ቀጥሎ ሦስት ስኒ መጣ፣ የተበላሹ ቡናዎች። ጥፋታቸውን ተናግሬ ‹ይሸጣል› ወይም ‹ይጣላል› ማለት ነው። አንደኛው ሻግቷል፣ ይጣላል። ሁለተኛው ጥሬ ነው፣ ተመልሶ ቢቆላ ይሸጣል።

ሦስተኛውን ሳብኩ።

ኬላው ነው። ሸራው፣ የቆሙት መኪኖች፣ የናፍጣው በርሜል፣ ሾፌሮቹ ሲጯጯሁ፣ የደብሬ ላብ በጉንጯ ሲወርድ። ዝንጅብሉና ስኳሩ የለበትም፣ ራቁቱን ነው፣ ግን እሱ ነው። ቀና ስል ግሬስ ወረቀቷን ታያለች። አንድም ተንኮል ፊቷ ላይ የለም።

አፌ ሙሉ ነው። መትፋት አለብኝ። የሌላውን ሁሉ ተፍቻለሁ። የሚስቴን ቡና ጣሳ ላይ ልትፋው? ዋጥኩት።

«ምን ይላል?» አለ አቡ ሙሐነድ።

ቡና ቡና ይላል ልል ምንም አልቀረኝ። ብል ደግሞ ጆንያው አለ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ያለ ሚስት።

«ጭስ ይላል» አልኩ። «አመድ። ከርሟል። የቆየ ጆንያ። ናፍጣ አጠገብ ተቀምጧል።»

«ይሸጣል ይጣላል?»

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ሃያ ዓመት ጧት ጧት ጠጥቼው የሰው ፊት የማየው በእሱ ነው። እሷን ለማምጣት ቡናዋን መጣል አለብኝ።

«ይጣላል» አልኩ።

«ማብሩክ!» ብሎ ጀርባዬን መታኝ። አለፍኩ።

ግሬስን ጥግ አስያዝኳት። «ሰው የሰጠሽን ስጦታ ለብልሽት ታቀርቢዋለሽ?»

«ሁሉም ጥፋት አንድ ፍሬ ላይ ተሰብስቦ ዓይቼ አላውቅም» አለች ከልቧ። «ግሩም ናሙና ነው። ባለሙያ ካልሠራው በስተቀር እንዲህ አይሆንም።» የተረፈውንም ጠርሙስ መለሰችልኝ፣ ሲሶ ያህል። መናደድም አቃተኝ።

ለደብሬ ደወልኩ። አለፍኩ ስላት እልልታዋ የስልኩን ጆሮ ቀደደው። «ምን ዓይነት ቡና አቀረቡልህ?» አለች። ይሄ አፌ ዝም አይልም አላልኳችሁም? «ያንቺም ነበረበት» አልኳት።

«የኔ! ለፈተና?»

«አዎ፣ ግን…»

‹ግን› የምትለዋን ማን ይሰማል! ፊቷን አዙራ «ሰማችሁ! ቡናዬ ጅዳ ለፈተና ቀርቧል! ፈታኞቹ ፊት!» ስትል፣ ሾፌሮቹ ሲያጨበጭቡ እሰማለሁ። ያን ጊዜ ማስተካከል ነበረብኝ። አላስተካከልኩም።

ኢቃማውን ለማስቀየር ስንት ወር እንደተመላለስኩ አልነግራችሁም፣ ደም ሥሬ ይነሳል። አንዴ ፎቶህ ፈገግ ብሏል ይሉኛል፣ አንዴ ፈገግ ያላለውን ሳመጣ ሰውዬው አንተ አይደለህም ይሉኛል። በመጨረሻ ወጣ። ሙያ፦ ቡና ቀማሽ። ወረቀቱን ሳምኩና ደወልኩ።

«ደብሬ፣ በቃ፣ ቪዛ ልልክልሽ ነው፣ ተነሺ።»

«አሁን?» አለች።

«አሁን ነዋ!»

«ሞልዬ፣ ቡናዬ ስም ባወጣ ጊዜ? ሸራው ላይ እኮ አጽፌያለሁ፣ ‹ጅዳ ድረስ የተፈተነ ቡና› ብዬ። ከሽንፋ ድረስ እየመጡ ነው። የደጋ አጫጆቹም ደርሰዋል፣ ጎጃሜው፣ ወሎዬው፣ ጧት እኔ ጋ ሳይጠጣ እርሻ የሚወርድ የለም። እስኪ አጨዳው ይለፍ።»

ምን ልበላት? እውነቱን ብነግራት አኩርፋ አትመጣም። ባልነግራት ኮርታ አትመጣም። እኔው ራሴ ገምጄ ራሴ የታሰርኩበት ገመድ ነው።

ትናንት አርብ ነበር፣ ሥራ የለም። ማቀዝቀዣውን አጠፋሁ፣ ሽማግሌው እስኪመጡ። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረችውን ወቅጬ፣ ዝንጅብል ጨምሬ አፈላሁ። ፉት አልኩ። ምላሴ ሳልጠይቀው ጀመረ፦ ጭስ፣ አመድ፣ የከረመ ጆንያ። ዝም በል አልኩት። ስኳር ጨመርኩ፣ ደግሞ ጨመርኩ። ጭስ አለ፣ አመድ አለ። ይሄን ጊዜ ስልኩ ጠራ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ያንቺን ቡና እየጠጣሁ። የመጨረሻዋን።»

«እሰይ! በል አሁን አንተ ባለወረቀት ነህ፣ በሥርዓቱ ንገረኝ። ምን ይላል?»

አርባ የጣዕም ስም አውቃለሁ። ግማሹን በፊሊፒን አረብኛ።

«ቡና ቡና ይላል» አልኳት።

«ታዲያ ምን ሊል ኖሯል!» ብላ ሳቀች። ከዚያ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። «ቆይ፣ ሰው መጣ፣ እንዳትዘጋው» አለችና ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀመጠችው። አንድ ሰው «ሁለት አድርጊልን፣ ዝንጅብሉ ጠንከር ይበል» ሲል ሰማሁ። ሙቀጫው ድም ድም ማለት ጀመረ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ስኒዬን ከነአተላው ጨለጥኩት። እስክትመለስ እየጠበቅኩ።